ተከፍሏል የሚሉት ጋሽ ሙላቴ

ከወይራ በር ደብረ ታቦር እየተመላለስን የምንሠራ ሰዎች አንድ የማያልቅ ጠብ ነበረን። ጠዋትና ማታ በሹፌሩ በሸሪፍ ሚኒባስ ውስጥ ይነሳል። የሚጀምረው «ሒሳብ» ሲባል ነው።

«የሷን የምከፍል እኔ ነኝ፣ ከኔ ተቀበል!»

«ኧረ በማርያም! እንዳትቀበለው!»

«ከእሱ ከተቀበልክ ነገ እዚህ መኪና ላይ አልወጣም!»

ያው እንደምታውቁት ነው፤ ሰው ከሚያውቀው ሰው ጋር ተሳፍሮ የራሱን ብቻ ከፍሎ አይወርድም። ቀድሞ የገባ ኋላ ለመጣው ይከፍላል። ዛሬ መምህር ሞገስ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለዘሀራ፣ ከነገ ወዲያ ዘሀራ ለሞገስ። ዞሮ ዞሮ ይካካሳል። ተራ የማይጠብቁት ጋሽ ሙላቴ ብቻ ነበሩ። እኛ ስንጓተት እሳቸው ጥጉ ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ጩኸታችን ጋብ ሲል ጉሮሯቸውን ይጠርጉና፣

«ምን ያነታርካችኋል? ተከፍሏል» ይላሉ።

እውነትም ተከፍሏል። ገና መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሳይሞላ ሸሪፍን አስጨብጠውታል። የሚሠሩት ዱቄት ፋብሪካ ስለሆነ ብሩ ላይ የጣታቸው ነጭ አሻራ ይቀራል። ሸሪፍ ብሩን ጭኑ ላይ እያራገፈ «ዛሬም ጋሽ ሙላቴ ሊጥ አደረጉኝ» ይላል፤ መኪናው በሙሉ ይስቃል።

ጋሽ ሙላቴ ፋብሪካው የገቡት በወጣትነታቸው ነው። መጀመሪያ ከረጢት ተሸካሚ ነበሩ፤ ወገባቸው እምቢ ሲል ወንፊቱ ላይ አዛወሯቸው። ቤታቸው ወይራ በር መንገዱ ዳር ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት፣ ጓሮው ገብስ የሚዘራበት። መሬቱን የእኩል ሰጥተው እሳቸው የወር ደሞዝተኛ ሆኑ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እብናት አግብታ ትኖራለች፤ የእሷም ቤት ጠባብ፣ ልጆቿም ብዙ ናቸው። ቤት ውስጥ የቀሩት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ብርቱካን ናቸው።

እትዬ ብርቱካን ዓይናቸውን ያማቸዋል። የዓይን ግፊት ነው ተባሉ። የግራው ከጠፋ ቆይቷል። ለቀኙ ሐኪሙ ጠብታ አዘዘና ጋሽ ሙላቴን ለብቻቸው ጠርቶ «አባቴ፣ ይህ ጠብታ ማታ ማታ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ። ከተቋረጠ የቀረውም ይሄዳል» አላቸው። እትዬ ብርቱካን ራሳቸው ለማድረግ ሞክረው ነበር፤ ጉንጫቸውን አጠቡበት እንጂ ዓይናቸው ውስጥ አልገባም። ስለዚህ የጋሽ ሙላቴ ትልቁ ሥራ ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ማታ ቤታቸው መድረስ ነበር። ደርሰው እሳት ያያይዛሉ፣ ሚስታቸውን በርጩማ ላይ ያስቀምጣሉ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠብታዋን ያንጠባጥባሉ።

ሸሪፍ ይህን ስለሚያውቅ ወይራ በር መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጥሩንባውን ሁለቴ አጠር አድርጎ ይነፋል። እትዬ ብርቱካን ያን ሲሰሙ ይነሱና ለባላቸው የፊት መታጠቢያ ውሃ በሳህን ቀድተው ደጃፉ ላይ ያኖራሉ። ዱቄት ይዘው ወደ ቤት እንዳይገቡ ነው። ሳህኑን በዳበሳ ነው የሚያገኙት፤ ግን አንድ ቀን ውሃው ሳይቀዳ ጋሽ ሙላቴ ደርሰው አያውቁም።

ከዚያ ቤንዚን ጨመረ። ጨመረ ብለን አውርተን ሳንጨርስ እንደገና ጨመረ። ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። ማደያው ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ በየጓሮው በጀሪካን ተገኘ፣ ዋጋውን ግን አትጠይቁኝ። ሸሪፍ ሰልፍ ላይ ውሎ ባዶ ታንከር ይዞ የሚመለስበት ቀን በዛ። ረዳቱን አሰናበተና ሒሳብ ራሱ ይቀበል ጀመር። ታሪፉ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ማንም አያነበውም። አዲሱን ዋጋ የነገረን ቀን ፊታችንን ማየት አፍሮ መሪውን እያየ ነበር።

«ወላሂ እኔም አልወደድኩትም» አለ። «ግን ምን ላድርግ? ሽንቴን አልሞላበት!»

ሁሉም የየራሱን መላ ፈለገ። መምህር ሞገስ ብስክሌት ገዛ፤ የደብረ ታቦርን ዳገት አይቶት የማያውቅ ይመስል። ገበያ ውስጥ ሻሽና ጨርቅ የምትሸጠው ዘሀራ ሱቋን ቀን እየዘለለች መክፈት ጀመረች። አንድ ጠዋት ሞገስን ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱ ላይ አገኘነው፤ ዘሀራ በመስኮት አንገቷን አወጣችና «መምህር! ማን ነው ማንን የሚጋልበው?» አለችው። ሳምንት ሳይሞላ ብስክሌቱን ሸጦ ወደ እኛ ተመለሰ።

ያ የሒሳብ ጠብ ግን አልተመለሰም። እንተወው ብሎ የተናገረ የለም። ዝም ብሎ፣ ሒሳብ ሲባል እንቅልፋሙ በዛ። አንዱ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፣ አንዷ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ትስባለች፣ ሌላው በመስኮቱ የተራቆተውን ማሳ እንደ አዲስ ነገር ያያል። ሁሉም የራሱን ብቻ አጣጥፎ ወደፊት ያቀብላል። ወርደን ስንለያይ ደኅና እደሩ መባባሉም እየቀነሰ መጣ። የተደባበቁ ሰዎች እንዴት ይሰነባበታሉ?

ጋሽ ሙላቴ ማስመሰል አይችሉበትም። ደሞዛቸው የድሮው ነው፤ የራሳቸውን ሒሳብ ከፍለው ጠብታውን ከገዙ የሚተርፍ የለም። አንድ ማታ ዘሀራ፣ ኮት ኪሳቸው ውስጥ እጃቸው ሲንከራተት አይታ ነው መሰል፣ ቀድማ ከፈለች።

«ተከፍሏል፣ ጋሽዬ» አለቻቸው፣ የእሳቸውን ድምፅ እያስመሰለች። ለጨዋታ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ወይራ በር ድረስ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር መሳፈር ተዉ። መናኸሪያው አጥር ሥር ይቆሙና በየሚኒባሱ መስኮት እያጮለቁ ያያሉ። የሚያውቁት ሰው ካለ ጥለውት ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የሚፈልጉት አንድም ወዳጅ የሌለበት፣ በባዕድ የተሞላ መኪና ነው። እንዲህ ያለ መኪና ወደ ወይራ በር ከየት ይመጣል? ሲያጡ በእግራቸው ይወርዳሉ። ጠዋትም ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ዳገቱን በእግራቸው ይወጡታል። በዚህ ጊዜ ሰው ከመሸ መንገድ ላይ መገኘት የለበትም፤ እሳቸው ግን ከመሸ ነበር የሚደርሱት። እትዬ ብርቱካን የሸሪፍን ጥሩንባ ሰምተው ውሃ ይቀዳሉ፣ ውሃው ደጅ ላይ ሲቀዘቅዝ ያመሻል፣ ጠብታውም ያመሻል።

ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅንም። እትዬ ብርቱካን ናቸው ኋላ ለዘሀራ ያጫወቷት። እኛ ያየነው ጋሽ ሙላቴ ሲሸሹን ነው። ሰው ሲሸሽህ ደግሞ መቼም አንድ ነገር ነው የምታስበው።

«አኩርፈዋል» አለ ሞገስ።

«በማን?» አልኩ።

«እሱን እሳቸው ይናገሩ። ግን እንዲህ ያለ ሰው በዋዛ አያኮርፍም፤ የሆነ ሰው ክፉኛ በድሏቸዋል። መላክ አለብን።»

ሽማግሌ ልንልክ ተስማማን። መኪናው ውስጥ ሽማግሌ የሚባል ስለሌለ ሽበቱ ቀድሞ የወጣው ሞገስ ተመረጠ። ዘሀራ ለእትዬ ብርቱካን ቅርብ ናት ተብላ ተጨመረች። እኔን «አንተ ማዳመጥ ታውቃለህ» ብለው ጎተቱኝ። ሸሪፍ ብቻ ይህን ሁሉ ስንመክር መስታወቱን በጨርቅ ይወለውል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ጋሽ ሙላቴን ደጃፋቸው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ቅቤ እየቀቡ አገኘናቸው። ሲያዩን ቶሎ ብለው ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ጣሉበት። እትዬ ብርቱካን ውስጥ ሆነው ሬዲዮ እያዳመጡ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ያች ሬዲዮ ከእጃቸው አትለይም፤ መዝሙሩንም፣ የእህል ዋጋውንም፣ የባዕድ አገር ጦርነቱንም አንዱ አይቀራቸውም። ድምፃችንን ሲሰሙ ቀነሱት።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ትቆማላችሁ?» አሉ ጋሽ ሙላቴ።

«አንቀመጥም» አለ ሞገስ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ለነገር ነው የመጣነው። እሺ ካላሉን እንደቆምን እንመለሳለን።»

«የምን ነገር?»

«አዝነውብናል። ያሳዘነዎትን ይንገሩንና እግርዎ ላይ እንውደቅ።»

ጋሽ ሙላቴ ተራ በተራ አዩን። ያን ጊዜ የነበራቸውን ፊት አልረሳውም፤ ዕቃ የጠፋው ሰው ፊት ነው። ምን ይበሉ? አላዘንኩም ቢሉ ለምን ይሸሹናል ልንል ነው። ያጣሁ ነኝ ቢሉ ደግሞ፣ እንዴት ብለው ይበሉት? ሚስታቸው ወዳሉበት ዘወር አሉ። እትዬ ብርቱካን ሬዲዮዋን ጭራሽ ዘጉት።

«በሸሪፍ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ሸሪፍ ምን አደረገ?»

«ጥሩንባ ነፋብኝ።»

«ጥሩንባ?»

«አዎ ጥሩንባ። መንገዴን ይዤ በእግሬ ስሄድ ከኋላዬ መጣና ለአህያ እንደሚነፋ ነፋብኝ። በዚህ ዕድሜዬ!»

ዘሀራ «ያ ረቢ! ሸሪፍ ነው እንዲህ ያደረገው?» ብላ አፏን ያዘች። ሞገስ እፎይ ሲል ሰማሁት። በደሉ ተገኘ፣ በዳዩም ታወቀ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቆሎ ቀርቦልን ተቀመጥን፤ ሞገስ ገና ያልተጠየቀውን ይቅርታ እንዲቀበሉ አስማላቸው።

ከዚያው ወጥተን ሸሪፍ ቤት ሄድን። ገና ሞገስ ጀምሮ ሳይጨርስ ሸሪፍ «አጥፍቻለሁ» አለ።

«እውነት ነፋህባቸው?»

«ነፍቻለሁ። ካሳ የሚባል ካለም ልካስ።»

በዚያው ቀን መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ጎንበስ ብሎ «ጋሽ ሙላቴ፣ አጥፍቻለሁ፣ አውፍ ይበሉኝ» አላቸው። ጋሽ ሙላቴ ቀና ሊያደርጉት ትከሻውን ያዙና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኛ የእርቅ ለቅሶ መሰለን። ለብዙ ጊዜ ያልተናገረውን ሸሪፍ ኋላ ማደያ ሰልፍ ላይ አጫወተኝ።

«በእግራቸው ሲወርዱ አየኋቸው» አለኝ። «ሲያነክሱ። ላሳፍራቸው ብዬ ነው የነፋሁት። ዞር ብለው አዩኝና ከመንገዱ ወርደው ማሳ ውስጥ ገቡ። ያኔ ገባኝ። እነሞገስ በደልክ ሲሉኝ፣ አልበደልኩም ብል ቀጥሎ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ለምን በእግርዎ ሄዱ ሊባሉ። በኔ ይለቅ አልኩ። ወላሂ፣ ጥፋቱ እኔ ላይ ቀልሎ ነው የሚቀመጥ።»

ታረቁ። የታረቀ ሰው ደግሞ ተለይቶ አይሄድም። ጋሽ ሙላቴ ሰኞ ከእኛ ጋር መሳፈር ግድ ሆነባቸው። ያን እሑድ ማታ እኛ ከወጣን በኋላ ቤታቸው የሆነውን እትዬ ብርቱካን ለዘሀራ ነግረዋታል። ጋሽ ሙላቴ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«ምን አስጨነቀህ?» አሏቸው።

«ነገ እንዴት እጄን አጣጥፌ ልሳፈር? በእኔ ምክንያት ያ ልጅ ጎንበስ ብሎ።»

«አጣጥፈህማ አትሳፈርም። ሬዲዮዬን ውሰድና ሽጠው።»

«አንቺስ ምን ልታዳምጪ?»

«አንተ በጊዜ እየገባህልኝ ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል? ሂድ፣ እንደ ድሮህ ሁንና ና።»

ሰኞ ማታ መናኸሪያው ውስጥ ጋሽ ሙላቴን ከሁላችን ቀድመው ተሳፍረው አገኘናቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናው እንዲህ ደምቆ አያውቅም። ዘሀራ ለውዝ አደለች፣ ሞገስ ስለ ብስክሌቱ በራሱ ላይ ቀለደ። ሸሪፍ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ወደ ኋላ ዞረ።

«ስሙኝ! ዛሬ የእርቅ ነው፤ ሒሳብ የለም!»

አጨበጨብን። ጋሽ ሙላቴ ግን ጣሪያው እየነካቸው ጎበጥ ብለው ተነሱ።

«ማደያው ለእርቅ ብሎ በነጻ ይቀዳልሃል?»

«ጋሽ ሙላቴ፣ ይቀመጡልኝ፣ በአላህ!»

«አልቀመጥም። አንድ ጊዜ በድለኸኝ ታርቀናል፤ አሁን ሁለተኛ ልትበድለኝ ነው?» ወደ እኛ ዞሩ። «ቀድሜ የተሳፈርኩ እኔ ነኝ። ሁላችሁም ከኋላዬ ነው የመጣችሁ። ስለዚህ አትነታረኩ፤ ተከፍሏል!» ብለው የሁላችንን ሒሳብ ለሸሪፍ አሻገሩለት።

ያቺን ቃል ስንሰማ መኪናው በሳቅና በጩኸት ተናወጠ። «ይኸውልህ! ጋሽ ሙላቴ መጡ!» አለ ሞገስ። እኔ ጋቢና ስለነበርኩ የሸሪፍን እጅ አየሁት። ብሩን እንደ ፍም ነበር የያዘው። ሊያራግፈው ጭኑ ላይ ሁለቴ መታ አደረገው፤ ምንም አልወረደም። ያ ብር ዱቄት አልነበረበትም።

ወይራ በር ስንደርስ ሁለቴ ነፋ፤ በሩ ላይ ውሃው ተቀድቶ ነበር። እትዬ ብርቱካን ቆመው ወደ ድምፃችን ፈገግ አሉ። ያን ማታ ጠብታዋ በሰዓቷ ገባች።

ማክሰኞ ጋሽ ሙላቴ በእግራቸው ሄዱ መሰለኝ፤ ጠዋት አላየናቸውም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ጭራሽ ቀሩ። ሞገስ ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ሌሊት ጥበቃም ደርበው ይዘዋል፤ ከረጢቱ ላይ ጋደም ብለው ነው የሚያድሩት፤ ቤታቸው ቅዳሜን ጠብቀው ይወርዳሉ፣ እሱንም በእግራቸው።

«ደግሞ ማን አስቀየማቸው?» አለ ሞገስ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

«ማንም» አለ ሸሪፍ። «ዝም በል እስቲ፣ መምህር።»

ዘሀራ እትዬ ብርቱካንን ለመጠየቅ የሄደችው ያን ጊዜ ነው፤ እጃቸው ላይ ሬዲዮዋን ስታጣ ነው ነገሩ ሁሉ የወጣው። እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። እትዬ ብርቱካን አላለቀሱም። ጎረቤታቸው ማሬ ማታ ማታ ጠብታውን እንድታደርግላቸው ተነግሯታል። ማሬ ደግ ሴት ናት፤ ግን የራሷ ከብት አላት፣ የራሷ እሳት አላት፤ አንዳንድ ማታ ትረሳለች፣ አንዳንድ ማታ እጇ ይስታል። የቀኙ ዓይን አሁን በር ሲከፈት ብርሃኑን ብቻ ነው የሚለየው። ጋሽ ሙላቴ ይህን አልተነገራቸውም። ቅዳሜ ሲመጡ እትዬ ብርቱካን ፊታቸውን ወደ ባላቸው ድምፅ አዙረው «ከሳህ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያዩአቸው ይመስላቸዋል።

ሸሪፍ ግን የልማድ ነገር ሆኖበት መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አሁንም ይነፋ ነበር። አንድ ማታ ዘሀራ ጋቢና ገብታ፣

«እትዬ ብርቱካን ልከውብሃል» አለችው። «ጥሩንባውን ባትነፋው ብለዋል።»

«ለምን? አስቀየምኳቸው?»

«በነፋህ ቁጥር ተነስተው ውሃ ይቀዳሉ።»

ሸሪፍ ከዚያ ወዲህ ወደ ወይራ በር የሚያወርደው ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋዋል። ቤንዚን ለመቆጠብ ነው ይላል፤ ብዙ ሹፌር እንዲህ ያደርጋል። መኪናው በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፤ የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሒሳብ ተሰብስቧል፣ ሁሉም የራሱን ከፍሏል። በዚያ ቤት ፊት ስናልፍ ሁላችንም ዘወር ብለን እናያለን። በሩ ገርበብ ያለ ነው። ሳህኑ ደጃፉ ላይ በአፉ ተደፍቷል።